ከቤት ዋይፋይ ጋር አልስማማ ስላለ አዲስ ኮምፒዩተር፤ የችግሩ መነሻ በታሪክ ሲመረመር

በዚህ አጭር ጥናት ልንመረምረው ያሰብነው ጉዳይ በብዙ ቤት የሚገኝ ነው። አዲስ ኮምፒዩተር ይገዛል ወይም ከውጭ አገር ይመጣል። በቤቱ ዋይፋይ አለ፤ ስልኮቹና አሮጌው ኮምፒዩተር ያለ ችግር ይሠሩበታል። አዲሱ ግን ወይ ዋይፋዩን ጨርሶ አያየውም፣ ወይ አይቶት መግባት ይሳነዋል፣ ወይም ገብቶ ሳለ አንድ ገጽ እንኳ መክፈት ያቅተዋል። በዚህ ጊዜ የሚሰጠው ፍርድ ፈጣን ነው፤ «ዕቃው ብልሹ ነው» ይባላል። እኛ ግን ነገሩን ስንመረምር፣ ብዙውን ጊዜ ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱም ብልሹ ሳይሆን፣ በተለያየ ዘመንና በተለያየ አገር የተደረጉ ውሎችን ተሸክመው የሚገናኙ ሆነው አግኝተናቸዋል። ስለዚህ የብልሽቱ ምርመራ በመሠረቱ የታሪክ ምርመራ ነው የሚል አሳብ ይዘን ተነሥተናል። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን እንዲረዱልን እናሳስባለን።

ለጥናቱ ምክንያት የሆነው ጉዳይ

ከባልደረቦቻችን የአንዱ አጎት በአሜሪካ አገር ይኖራሉ። ለባልደረባችን ታናሽ እኅት የመመረቂያ ጽሑፏን እንድትጽፍበት አዲስ ኮምፒዩተር ገዝተው በሰው እጅ ላኩላት። በመጀመሪያው ምሽት ከቤቱ ዋይፋይ ጋር ተገናኝቶ በደንብ ሠራ። በማግሥቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ግን የቤቱ ዋይፋይ ስም ከኮምፒዩተሩ ላይ ተሰወረ። ከሁለት ቀን በኋላ ሌላ ጊዜ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ስሙ ተመልሶ ታየ፤ ቆይቶም እንደገና ጠፋ። በዚህ ሁሉ ጊዜ የቤተሰቡ ስልኮች አንድ ቀን እንኳ አልተቸገሩም።

ሦስት ዓይነት ፍርድ ተሰጠ። የሠፈሩ ጠጋኝ «የኮምፒዩተሩ የዋይፋይ ካርድ ተቃጥሏል» አለ። አንድ ጎረቤት «ራውተሩ አርጅቷልና ይለወጥ» አሉ። ታላቅ ወንድምየው ደግሞ «የይለፍ ቃሉን አንሥተን ክፍት እናድርገው፤ ያን ጊዜ ይገባል» ሲል መከረ። ከሁሉ የከፋው ግን በገንዘብ የማይቈጠረው ጉዳት ነበር። እናቲቱ «ወንድሜ ሳያውቅ ያገለገለ ዕቃ ሸጠውበት ይሆናል» ብለው ይህንኑ በስልክ ነገሯቸው፤ አጎትየውም ቅር ተሰኙ። ኮምፒዩተሩ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ አሜሪካ በሚሄድ መንገደኛ እጅ ሊመለስ ተወሰነ። ልጅቷ ጽሑፏን ለማስረከብ የቀራት ሁለት ሳምንት ብቻ ነበር። እኛ የተጠራነው በዚህ ጊዜ ነው።

መልሱን ወደ ኋላ አቆይተን አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት።

የጋራው ሜዳ

ዋይፋይ የሚሠራበት የሬዲዮ ሞገድ መጀመሪያ ለመነጋገሪያ የተመደበ አልነበረም። በ1947 በአሜሪካ በአትላንቲክ ሲቲ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ፣ በ2450 ሜጋኸርዝ ዙሪያ ያለው ሞገድ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች እንዲውል ተወሰነ። እነዚህ መሣሪያዎች ሞገዱን የሚፈልጉት ለማሞቅና ለመሳሰለው ሥራ ነውና በዚያ ሜዳ መልእክት የሚያስተላልፍ ሰው ጩኸታቸውን ታግሦ መኖር ነበረበት። በየወጥ ቤቱ የሚገኘው የማይክሮዌቭ ምድጃ እስከ ዛሬ በዚሁ ሞገድ ይሠራል። ምግብ በሚሞቅበት ሰዓት ዋይፋይ የሚደክምባቸው ቤቶች ያሉት እንግዲህ ከ1947 ጀምሮ በመጣ ጉርብትና ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ውሳኔ የተደረገው በሜይ 1985 ነው። የአሜሪካ የፌደራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን፣ ኢንጂነሩ ማይክል ማርከስ ብዙ በደከሙበት አዲስ ደንብ፣ በዚህ ሜዳና በሌሎች ሁለት ሜዳዎች ማንም ሰው ያለ ፈቃድ በአነስተኛ ኃይል መልእክት እንዲያስተላልፍ ፈቀደ። ሁኔታውም መልእክቱ በጠባብ መሥመር ሳይሆን በሰፊው ተበትኖ እንዲተላለፍ ነበር። ፈቃድ አለመጠየቁ ትልቅ ነገር ነው። ሬዲዮ ጣቢያ ለመክፈት ፈቃድ የሚያስፈልግ ሲሆን፣ በየቤቱ ራውተር ለመትከል ግን ማንንም ማስፈቀድ ያላስፈለገው በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው። በሌላ በኩል ግን ፈቃድ የማይጠየቅበት ሜዳ ጌታ የሌለው ሜዳ ስለሆነ የጎረቤቱ ሁሉ ራውተር በዚያው ላይ ይጮኻል።

ሜዳው በቻናሎች የተከፋፈለ ነው። የቻናሎቹ ማዕከሎች የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ሲሆን፣ በ1999 በወጣው ደንብ አንድ አስተላላፊ የሚይዘው ስፋት 22 ሜጋኸርዝ ያህል ነው። ስለዚህ ጎረቤታሞች ቻናሎች ይደራረባሉ፤ ሳይነካኩ መሥራት የሚችሉት እንደ 1፣ 6 እና 11 ያሉት ብቻ ናቸው። የቻናሎቹ ቍጥር ደግሞ በየአገሩ ይለያያል። በአሜሪካ ሜዳው በ2483.5 ሜጋኸርዝ ላይ የሚያበቃ ሆኖ ከዚያ በላይ ያለው ለሌላ ሥራ የተጠበቀ ስለሆነ፣ አምራቾች ከድንበሩ ራቅ ብለው በቻናል 11 ላይ ማቆምን ልማድ አደረጉ። አውሮፓና ሌሎች ብዙ አገሮች እስከ 13 ድረስ ይጠቀማሉ። ጃፓን ለቀድሞው ዓይነት ዋይፋይ 14ኛውንም ፈቅዳ ነበር። ይህ የቍጥር ልዩነት እንዲሁ ሲታይ ተራ ነገር ይመስላል፤ ኋላ ግን ወደ ጉዳያችን ስንመለስ ዋና ሆኖ እናገኘዋለን።

ተራ የመጠባበቅ ሥርዓት

ብዙ ሰው በአንድ ሞገድ ላይ እንዴት ሳይጠላለፍ ይነጋገራል? ለዚህ ጥያቄ ቀደምት መልስ የተገኘው በሃዋይ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1971 ፕሮፌሰር ኖርማን አብራምሰንና ባልደረቦቻቸው በተለያዩ ደሴቶች ያሉትን የዩኒቨርሲቲውን ክፍሎች ከማዕከላዊ ኮምፒዩተር ጋር በሬዲዮ ያገናኘውን አሎሃኔት የተባለ አውታር ሥራ አስጀመሩ። ሥርዓቱ ቀላል ነበር። መልእክት ያለው ይልካል፤ «ደርሷል» የሚል መልስ ካልመጣለት ከሌላ መልእክት ጋር ተጋጭቶ ይሆናልና በዕጣ እንደ ወጣለት ያህል ጥቂት ቆይቶ እንደገና ይልካል። ዋይፋይ ይህን አሳብ ወርሶ «ከመናገርህ በፊት አድምጥ» የሚል ደንብ ጨመረበት።

ከዚህ የምንረዳው፣ በአንድ ቤት ብዙ ዕቃ ባለ ጊዜ ወይም ኮምፒዩተሩ ከራውተሩ በርቆ መልእክቱ እየወደቀ በተደጋገመ ጊዜ ግንኙነቱ ወዲያው እንደማይቋረጥ ነው፤ ቀስ እያለ ይሄዳል እንጂ። ስለዚህ «አይገናኝም» እና «ይዘገያል» የሚሉት አቤቱታዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የዘገየውን ሰው «ወደ ራውተሩ ቀረብ ብለህ ሞክር» ማለት ይበቃል። ከራውተሩ አጠገብ ተቀምጦ ስሙን የማያየውን ግን በሌላ መንገድ መመርመር ያስፈልጋል።

የትውልዶቹ ቅደም ተከተል

በ1985 ሜዳው ከተከፈተ በኋላ እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን ቋንቋ የሚናገር ዕቃ ይሠራ ጀመር፤ የአንዱ ዕቃ ከሌላው ጋር አይግባባም ነበር። በ1988 የገንዘብ መመዝገቢያ ማሽን ይሠራ የነበረው ኤን ሲ አር ኩባንያ የሱቅ ማሽኖቹን ያለ ገመድ ለማገናኘት ፈልጎ፣ ኢንጂነሩ ቪክ ሄይስ አይ ትሪፕል ኢ ወደሚባለው የኢንጂነሮች ማኅበር ቀርበው የጋራ ደንብ እንዲወጣ ጠየቁ። በ1990 የ802.11 ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሄይስም ሊቀ መንበር ሆኑ። ሰባት ዓመት ከፈጀ ክርክር በኋላ በ1997 የመጀመሪያው ደንብ ወጣ። ፍጥነቱ በሴኮንድ 1 ወይም 2 ሜጋቢት ብቻ ነበር። ኢንተርኔት በይፋ ወደ አገራችን የገባው በዚያው ዓመት መሆኑን በማለፍ እናስታውሳለን።

በ1999 ሁለት ደንቦች ወጡ። አንዱ በ2.4 ጊጋኸርዝ 11 ሜጋቢት፣ ሌላው በ5 ጊጋኸርዝ 54 ሜጋቢት የሚያደርስ ነበር። በዚያው ዓመት ኩባንያዎች ማኅበር መሠረቱ፤ ማኅበሩም በኋላ ዕቃዎች እርስ በርስ መግባባታቸውን እየፈተነ «ዋይፋይ» የሚል ምልክት ይሰጥ ጀመር። አፕልም አይቡክ የተባለውን ኮምፒዩተር ዋይፋይ ሊገጠምለት እንዲችል አድርጎ በጁላይ ወር አቀረበ፤ ይህም ነገሩን ከመሥሪያ ቤት ወደ ቤት አስገባው። ከዚያ በኋላ በ2003፣ በ2009፣ በ2013 እና በ2021 አዳዲስ ደንቦች እየተከታተሉ ወጡ። በ2020 ደግሞ አሜሪካ የ6 ጊጋኸርዝን ሜዳ ከፈተች።

በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እያንዳንዱ አዲስ ትውልድ የቀደመውን ቋንቋ እንዲያውቅ ተደርጓል። ስለዚህ የዛሬ ኮምፒዩተር የሃያ ዓመት ራውተር ሊያነጋግር ይችላል። ይሁን እንጂ ሜዳዎቹ ይለያያሉ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ የሚሠራ ዕቃ በ5 ጊጋኸርዝ የሚጠራውን ስም ፈጽሞ አያየውም። የ5 ጊጋኸርዙ ሞገድ ፈጣን ቢሆንም ግድግዳ ሲያጋጥመው ከ2.4ቱ ይልቅ ይደክማል። አንድ ራውተር በሁለቱም ሜዳ አንድ ስም ብቻ ሲሰጥ አዲሱ ኮምፒዩተር ፈጣኑን መርጦ ይገባና፣ ወደ ጓዳ ሲወሰድ ይደክማል። ሁለቱን ሜዳዎች በሁለት ስም ለይቶ መሞከር ይህን በቀላሉ ይገልጠዋል።

የቍልፉ ታሪክ

ስሙ ታይቶ፣ የይለፍ ቃሉ ተጽፎ፣ «አልተቻለም» ሲባል የምንመረምረው የቍልፉን ታሪክ ነው። አስቀድሞ ግን አንድ ቀላል ነገር አለ፤ የኮምፒዩተሩ የፊደል ገበታ በአማርኛ ላይ እንደ ሆነ የተጻፈ የይለፍ ቃል ትክክል ሊሆን አይችልም። የተጻፈውን ገልጦ የሚያሳየውን ምልክት ተጭኖ ማየት ብዙ ድካም ያድናል።

የመጀመሪያው ቍልፍ ዌፕ ይባል ነበር። በ1990ዎቹ አሜሪካ ጠንካራ ምስጢራዊ ጽሕፈት ወደ ውጭ አገር እንዳይሸጥ ትከለክል ስለ ነበር፣ መጀመሪያ የወጣው ቍልፍ 40 ቢት ብቻ ነበረው። በ2001 ፍሉረር፣ ማንቲንና ሻሚር የተባሉ ሊቃውንት የዌፕን ጉድለት አጋለጡ፤ ወዲያውም ቍልፉን በአጭር ጊዜ የሚሰብሩ ፕሮግራሞች ተሠሩ። በ2003 ዳብሊው ፒ ኤ የተባለ ጊዜያዊ ቍልፍ ወጣ። ጊዜያዊ ያልነው፣ በገበያ ያሉትን አሮጌ ዕቃዎች ሳይጥሉ ለማሻሻል የተሠራ ስለ ነበር ነው። በ2004 ሁለተኛው፣ በ2018 ሦስተኛው ተከተለ።

እንግዲህ ራውተሩ በአሮጌው ቍልፍ ላይ እንደ ተተወ ቢሆን፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ሳይጠይቅ ይገባል፤ አዲሱ ግን ወይ «ይህ ቍልፍ አስተማማኝ አይደለም» ብሎ ያስጠነቅቃል፣ ወይም አልገባም ይላል። በ2003ቱ ቍልፍ ቢገባ እንኳ ከ54 ሜጋቢት በላይ መሄድ አይችልም፤ የ2009ኙ ደንብ ፈጣኑን ጉዞ ለዚያ ቍልፍ ከልክሎታልና። በተቃራኒው ደግሞ ራውተሩ በሦስተኛው ቍልፍ ብቻ ከተዘጋ አሮጌዎቹ ዕቃዎች ውጭ ይቀራሉ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ቀላቅሎ ወይም ሁለተኛውን ብቻ መምረጥ በብዙ ቤት ዕርቅ ያወርዳል።

ከዚህ አንጻር «የይለፍ ቃሉን እናንሣው» የሚለው ምክር ሲመዘን ቀላል ሆኖ አይገኝም። ሊቃውንት ከሃያ ዓመት በላይ የደከሙት ቤቱ እንዲዘጋ ነው። ለምርመራ ያህል ጥቂት ደቂቃ ከፍቶ ወዲያው መዝጋት አንድ ነገር ነው፤ ኮምፒዩተሩ እንዲገባ ሲባል ቤቱን ክፍት አድርጎ መኖር ግን በር አልከፍት ያለ ቍልፍ ስለ ተገኘ በሩን ነቅሎ እንደ መጣል ነው። በሩ ያልተከፈተው በቍልፉ ምክንያት መሆኑም ገና አልተረጋገጠም።

የአድራሻው ታሪክ

ሦስተኛው አቤቱታ «ተገናኝቷል ይላል፤ ግን ምንም አይከፍትም» የሚለው ነው። በኢንተርኔት ላይ ያለ ዕቃ ሁሉ አድራሻ ያስፈልገዋል። በ1981 የወጣው ደንብ ወደ 4.3 ቢሊዮን የሚጠጋ አድራሻ አስቦ ነበር፤ በ1990ዎቹ ግን ይህ እንደማይበቃ ታወቀ። ስለዚህ በየቤቱ የሚደጋገሙ የውስጥ አድራሻዎች በ1996 በደንብ ተለዩ፤ በ192.168 የሚጀምሩት ከእነዚህ ወገን ናቸው። ለእያንዳንዱ እንግዳ አድራሻ የሚያድለው ዲ ኤች ሲ ፒ የተባለው ሥርዓት ደግሞ በ1993 ወጥቷል።

አዲሱ ኮምፒዩተር ጠይቆ አድራሻ የሚሰጠው ሲያጣ፣ በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ለራሱ ይሰጣል። ይህን ቍጥር ያየ ሰው «ከቤቱ በር ገብቻለሁ፤ ግን ማንም አልተቀበለኝም» የሚል ቃል እንደ ሰማ ይቍጠረው። በዚህ ጊዜ ራውተሩን አጥፍቶ ማብራት ወይም ኮምፒዩተሩ የዋይፋዩን ስም «እንዲረሳ» አድርጎ እንደገና ማስገባት ይረዳል። አድራሻው ትክክል ሆኖ ገጾች ካልተከፈቱ ደግሞ ስምን ወደ ቍጥር የሚለውጠው፣ በ1983 ፖል ሞካፔትሪስ የቀየሱት ዲ ኤን ኤስ የተባለው ሥርዓት ሊጠረጠር ይገባል።

አንድ ሌላ ምክንያት አለ፤ እርሱም በአገራችን በተለይ ሊታሰብ የሚገባው ነው። ድረ ገጾች ማንነታቸውን የሚያስረዱበት የምስክር ወረቀት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። የኮምፒዩተሩ ቀን የተሳሳተ ከሆነ ምስክር ወረቀቱ ጊዜው ያልደረሰ ወይም ያለፈ ይመስልና ገጹ አልከፈትም ይላል። አዲስ ኮምፒዩተር ሲከፈት አንድ የቤተሰብ አባል ዓመቱን በእኛ አቆጣጠር ቢሞላው ኮምፒዩተሩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይኖራል። ዋይፋዩ ደህና፣ ቍልፉ ደህና፣ አድራሻው ደህና ሆኖ ሳለ ሁሉ ነገር የተዘጋ ይመስላል።

በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ተርጓሚ

ከዚህ በላይ ያልናቸው ሁሉ በሁለቱ ዕቃዎች መካከል ያሉ ናቸው። በኮምፒዩተሩ ውስጥ ደግሞ በዋይፋይ ካርዱና በዋናው ፕሮግራም መካከል የሚያስተረጕም ድራይቨር የሚባል አነስተኛ ፕሮግራም አለ። ካርዱ ከፕሮግራሙ በኋላ የተሠራ ከሆነ ፕሮግራሙ አያውቀውም፤ የዋይፋይ ምልክትም ጨርሶ አይታይም። ድራይቨሩ የሚገኘው በኢንተርኔት ነው፤ ኢንተርኔት የሚገኘው ደግሞ በድራይቨሩ። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11፣ ለቤት በሚሸጠው ዓይነቱ፣ ገና ሲከፈት ኢንተርኔት ስለሚጠይቅ ይህ አዙሪት ብዙ ሰው አስቸግሯል። መውጫው የቀደመውን ዘመን መንገድ መጠቀም ነው፤ ይኸውም ገመድ። ራውተሩን በኔትዎርክ ገመድ ማገናኘት፣ ወይም ኮምፒዩተሩ የገመዱ ቀዳዳ ከሌለው ስልክን በዩ ኤስ ቢ ገመድ አያይዞ የስልኩን ኢንተርኔት ማካፈል ይቻላል። ከዚያ በኋላ ድራይቨሩ ይወርዳል። ኤርፕሌን ሞድ በስሕተት በርቶ እንዳይሆንም አስቀድሞ ማየት ይገባል።

ወደ ተነሣንበት ጉዳይ

አሁን ወደ ባልደረባችን ቤት እንመለስ። መጀመሪያ የጠየቅነው ካርዱ በእርግጥ ተቃጥሎ እንደ ሆነ ነው። የአንዳችንን ስልክ ሆትስፖት አብርተን ኮምፒዩተሩን ብናስገባው ወዲያው ገባ። የተቃጠለ ካርድ አይገባምና የጠጋኙ ፍርድ በዚህ ፈረሰ። ድራይቨሩም ደህና መሆኑ በዚሁ ታወቀ። ስሙ ራሱ አይታይም ነበርና ቍልፉን ለመጠርጠር ገና አልደረስንም፤ ስለዚህ የወንድምየው ምክር ከቦታው ውጭ ነበር። ጥያቄው በሜዳው ላይ ቀረ።

በስልክ ላይ ቻናል በሚያሳይ ፕሮግራም ብናይ የቤቱ ራውተር በ13 ላይ ይጣራ ነበር። ወደ ራውተሩ ገጽ ገብተን ስናይ ደግሞ የቻናሉ ምርጫ «በራሱ» በሚለው ላይ ተትቶ ነበር። ይህም ማለት መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቍጥር ራውተሩ ከ1 እስከ 13 ካሉት የተሻለ የመሰለውን እንደ አዲስ ይመርጣል ማለት ነው። ለአሜሪካ ገበያ የተሰናዳው ካርድ የሚያደምጠው እስከ 11 ብቻ ሆኖ ይሆን? ቻናሉን በ6 ላይ አጸናነው፤ ስሙ ወዲያው ታየ። ለማረጋገጥ ወደ 13 መለስነው፤ ተሰወረ። እንደገና በ6 አደረግነው፤ ተመለሰ። ሦስት ጊዜ ደጋግመን ያው ሆነ። ሁሉም ካርድ እንዲህ ነው ማለታችን አይደለም፤ ካሉበት አገር ራውተር ሰምተው ራሳቸውን የሚያስተካክሉ ካርዶች አሉ። ይህኛው ግን ከእነዚያ ወገን አልነበረም።

ከተገናኘ በኋላም አንዳንድ ገጽ አልከፈት አለ። ቀኑን ብናይ ዓመቱ በእኛ አቆጣጠር ተሞልቶ ነበር። በኮምፒዩተሩ የመጀመሪያ ምሽት ይህ አልነበረም፤ እናቲቱ በኋላ «ዓመቱ ተሳስቷል» ብለው ራሳቸው እንዳቃኑት ነገሩን። ይህንንም አስተካከልን። ወጪው ከአንድ ሰዓት ድካም በቀር ምንም አልነበረም።

እንግዲህ ጥፋቱ የማን ነበር? የኮምፒዩተሩ አይደለም፤ በተሠራበት አገር ልማድ ይሠራ ነበር። የራውተሩም አይደለም፤ በዚህ አገር በተፈቀደው ውስጥ ይመርጥ ነበር። የአጎትየውም አልነበረም። እናቲቱ ያን ዕለት ማታ ስልክ ደውለው «ይቅር በለኝ፤ ዕቃህ ደህና ነው» ሲሉ እኛ በዚያው ነበርን። ልጅቷም ጽሑፏን በጊዜው አስረክባለች።

መደምደሚያ

ከዚህ ጥናት ያገኘነውን በአጭሩ እንደሚከተለው እናቀርባለን። አዲስ ኮምፒዩተር አልገናኝ ሲል የሚጠየቀው በቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ፣ በስልክ ሆትስፖት ይገባልን? ካልገባ ችግሩ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ነው፤ ድራይቨሩ ይታይ። ከገባ፣ የቤቱ ስም ይታያልን? ካልታየ ሜዳውና ቻናሉ ይመርመር። ከታየ፣ ቍልፉን ይቀበላልን? ካልተቀበለ የፊደል ገበታውና የቍልፉ ዘመን ይታይ። ከተቀበለ፣ አድራሻ አግኝቷልን? ካገኘም በኋላ ቀኑ ትክክል ነውን? እያንዳንዱ ጥያቄ ከአንድ የታሪክ ምዕራፍ ጋር የሚገጥም ነው፤ የፊተኛው ሳይመለስ ወደ ኋለኛው መዝለልም ያለ ማስረጃ መፍረድ ይሆናል።

ታሪክ የሚጠናው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦርነት ብቻ አለመሆኑን መምህሮቻችን ዘወትር ይነግሩናል። በአትላንቲክ ሲቲ የተደረገ የ1947 ውሳኔ በአንድ የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ እኅትና ወንድም ሊያቃቅር እንደሚችል ግን ይህን ጉዳይ ሳንመረምር አናውቅም ነበር። በጽሑፋችን ጉድለት ያገኙ መምህራንና ተማሪዎች እንዲያርሙን፣ የተለየ ነገር በቤታቸው ያጋጠማቸውም ለሚቀጥለው እትም ጽፈው እንዲያካፍሉን በትሕትና እንለምናለን።